አርባ ኮምፒውተር፣ አንድ ትእዛዝ

ነሐሴ ሲገባደድ የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ በር ሲከፈት አቧራና እርጥበት አፍንጫ ይመታል። የአይሲቲ ባለሙያው መጀመሪያ የመብራት ማከፋፈያውን ያያል፤ ቀጥሎ አይጥ የበላው ኬብል እንዳለ ይፈትሻል። ከዚያ የማይቀረው ሥራ ይመጣል። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍሎች ጽሑፍ መጻፍና ሠንጠረዥ መሥራት ሲጀምሩ የሚከፍቱት ፕሮግራም በአርባውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ማን ይጭነዋል? በስንት ቀን?

ብዙዎች የለመዱት ፍላሽ ይዞ መዞር ነው። ቁጭ ማለት፣ ፍላሹን መሰካት፣ «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ»፣ «ጨርስ»፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንበር። ለአንዱ 20 ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ለ40ው 800 ደቂቃ፣ ማለትም ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመሃል መብራት ይሄዳል። ፍላሹ ከአንዱ የለቀመውን ቫይረስ ለሌላው ያደርሳል። ሃያኛው ላይ ሲደርስ የደከመው ባለሙያ ከቀደሙት የተለየ ምርጫ ይነካል። ትምህርት ሲጀመር መምህሩ «ከላይ ያለውን ሦስተኛውን ምልክት ተጫኑ» ሲል ግማሹ ተማሪ ምልክቱን ፈልጎ ያጣዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሠራ ባለሙያ ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የመረጠው ሳይለንት ኢንስታሌሽን የሚባለውን ነው፤ መስኮት ሳይከፍት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከጀርባ የሚሄድ ጭነት። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሊብሬኦፊስ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣና ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚያስተዳድረው። ለዊንዶውስ የሚቀርበው በአንድ የኤምኤስአይ ፋይል ሲሆን መጠኑ 350 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉን በሚጭነው ትእዛዝ ጫፍ ላይ ኪው እና ኤን የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከተጨመሩ ጭነቱ ዝም ይላል። ኪው ጸጥታውን ያዛል፤ ኤን አንድም መስኮት እንዳይታይ ያደርጋል።

ትእዛዙን ለአርባዎቹ የሚያደርሰው ሰርቨሩ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉንም እንደ አንድ ዶሜይን በሚያስተዳድረው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሥር ስለተመዘገቡ ባለሙያው ፋይሉን በሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ፣ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚሠራ አጭር ስክሪፕት በግሩፕ ፖሊሲ በኩል ይልካል። ተማሪ የይለፍ ቃሉን ከማስገባቱ በፊት ሥራው ይጀመራል።

በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነው። ባለሙያው ግን መጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ሞከረና ምንም አልተጫነም። ፎልደሩን በራሱ ስም ገብቶ ሲከፍተው ይከፈታል፤ ትእዛዙን በእጁ ሲያስኬደው ይሠራል። ስክሪፕቱ በራሱ ሲነሳ ግን ዝም። ነገሩ የተገለጠለት የፎልደሩን ፈቃድ ሲያይ ነው። በዚያ ሰዓት ላቡ ውስጥ ስሙን አስመዝግቦ የገባ ሰው የለም፤ የሰርቨሩን በር የሚያንኳኳው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ደግሞ ለመምህራንና ለሠራተኞች እንጂ ለኮምፒውተሮች አልነበረም። የዶሜይኑ ኮምፒውተሮች ፋይሉን እንዲያነቡ አንዲት ምልክት አደረገና ጭነቱ ተከናወነ።

ቅዳሜ ጠዋት አርባዎቹን በአንድ ጊዜ አስነሣቸው፤ አብዛኞቹ ከሸፉ። እዚህ ላይ ሒሳብ ይገባል። የላቡ ስዊች በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ነው። 350 ሜጋባይት 2,800 ሜጋቢት ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ለብቻው ቢቀዳ በ28 ሰከንድ ይጨርሳል። አርባው ባንዴ ከአንዱ ሰርቨር ሲጎትቱ ግን 1,120 ሰከንድ፣ ወደ 19 ደቂቃ ይፈጃል። ዊንዶውስ ደግሞ ካልተነገረው በቀር እንዲህ ያለውን ስክሪፕት የሚጠብቀው 600 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያቋርጠዋል። ባለሙያው የጥበቃውን ጊዜ አስረዘመ፤ ኮምፒውተሮቹንም በየረድፋቸው አሥር አሥር አድርጎ አስነሣ። ለአሥሩ መቅዳቱ ከአምስት ደቂቃ በታች ነው።

ሌላው ወጥመድ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ቅዳሜ ተጭኖ ያደረው ሰኞ የለም። እነዚያ አሥር ኮምፒውተሮች ተማሪ የነካካውን ሁሉ ሲነሱ ወደ ቀድሞው እንዲመልሱ በዲፕ ፍሪዝ የተቆለፉ ናቸው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ አዲሱንም ሶፍትዌር እንደ ተማሪ ጥፋት ቆጥሮ አጸዳው። መቆለፊያው መጀመሪያ መነሣት፣ ጭነቱ መጠናቀቅ፣ ከዚያ መልሶ መቆለፍ ነበረበት።

ጸጥ ያለ ጭነት ሲሳካም ሲከሽፍም መልኩ አንድ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ይህ ባለሙያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሥራውን መዝገብ በራሱ ስም ሰርቨሩ ላይ እንዲጽፍ አደረገ። መዝገቡ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ይተዋል። 0 ከሆነ ተጭኗል። 3010 ከሆነ ተጭኗል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይፈልጋል። 1618 ሌላ ጭነት መንገዱን ይዟል ማለት ነው። 1603 ደግሞ ከባድ ስሕተት ነውና መዝገቡን ወደ ላይ እየወጡ ማንበብ ግድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ያሰባሰበ ሰው ለርእሰ መምህሩ «ተጭኗል» ብቻ አይልም፤ የትኛው ኮምፒውተር እንደቀረና ለምን እንደቀረ ያውቃል።

ማንም «እስማማለሁ» የሚለውን ሳይጫን ስምምነቱ ይጸድቃል፤ የሚስማማውም ትምህርት ቤቱን ወክሎ ባለሙያው ነው። የሊብሬኦፊስ ፈቃድ በየትኛውም ብዛት መጫንን ይፈቅዳል። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን የተገዛ ፈቃድ ይጠይቃል። የ2016 እና የ2019 ቨርዥኖች ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ አሮጌውን ይዞ መቆየትም ለአደጋ ያጋልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ክራክ የተደረገ ኦፊስ በዚህ መንገድ ማሰራጨት ነው። በፍላሽ ቢሆን አንዱን ኮምፒውተር የሚበክል ፋይል በኔትወርክ አርባውን በአንድ ጠዋት ያዳርሳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯልና የአንድ ላብ ጤንነት ከጽሑፍ ትምህርት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል።

የፊደሉ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ብዙ መምህራን ፈተና የሚጽፉት በኒያላ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ከመጀመሪያው አብሮ የሚገኝ አይደለም። የሌለው ኮምፒውተር በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ መስመሩ ይረዝማል፣ የጥያቄው ምርጫ ከጥያቄው ተለይቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ፋይል ከሆነማ ፎንቱ በሌለበት የሚታየው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ነው። ባለሙያው ስለዚህ ፎንቶቹን በዚያው ስክሪፕት አብሮ ላከ። ፋይል በቀጥታ በዶክስ ዓይነት እንዲቀመጥም አስቀድሞ አስተካከለ፤ ሊብሬኦፊስ ካልተነገረው የሚያስቀምጠው በራሱ ኦዲቲ ስለሆነ ተማሪው ኢንተርኔት ቤት ሄዶ እንዳይደነግጥ።

ይህን የፎንት ነገር ለባለሙያው ያስተማረው አንዲት የአማርኛ መምህርት ያመጡት ፍላሽ ነው። ከመጫኑ በፊት የሦስት ዓመት ፈተናዎቻቸውን ጠይቆ ወሰደ፤ በሙከራው ኮምፒውተር አንድ በአንድ ከፍቶ አተመ። ሁለቱ ተዛብተው ወጡ። «እትዬ፣ ይሄኛው በምን ፎንት ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም አያውቁትም ነበር፤ ያስተየቡት ጽሕፈት ቤት ነው። ከጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ተገኘ።

ርእሳነ መምህራን ይህን ሥራ የመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የሩጫ ሥራ አድርገው እንዳይዙት መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለሙያው ነሐሴ ላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ለሙከራ የተተወ አንድ ኮምፒውተር፣ መብራት ያለበት አንድ ቅዳሜ፣ መምህራኑ በእርግጥ የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች። እነዚህን ያገኘው የዚያ ትምህርት ቤት ላብ ትምህርት በተጀመረበት ሰኞ አርባውም ኮምፒውተር ተከፍቶ፣ በአርባውም አማርኛው ተነብቦ ሥራውን ጀምሯል።