ሜዳ ነው ቢሏችሁ አትመኑ

ይህ እዚሁ በመካከላችን ይቅር። በፒትስበርግና በዋሽንግተን መካከል ያለውን የወንዝ ዳር መንገድ በብስክሌት ለመጨረስ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ማይል?» ብሎ ነው። መንገዱን የለመዱት ሰዎች ጥያቄ ሌላ ነው፦ ባቡሩ ላይ ለብስክሌቱ ቦታ ተይዟል? ሰሞኑን ዘንቧል? የውሃ ፓምፖቹ እጀታቸው አለ? እነዚህ መልስ ካገኙ የማይሉ ነገር ራሱ መስመር ይይዛል።

መንገዱ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ከፒትስበርግ እስከ ኩምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ያለው 150 ማይል የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ የተጠረገው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ነው፤ ነጂዎቹ አሳጥረው «ጋፕ» ይሉታል። ከኩምበርላንድ እስከ ዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ያለው 184.5 ማይል ደግሞ ፖቶማክን ተከትሎ የሚወርደው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳርቻ ነው። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1828 ተጀምሮ በ1850 ኩምበርላንድ ደረሰ። ጀልባዎቹን በገመድ እየጎተቱ በዳርቻው የሚሄዱት በቅሎዎች ነበሩ። በ1924 ጎርፍ አፈራረሰውና ሥራው ቆመ። በኋላ የመኪና መንገድ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲመጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ሐሳቡን ተቃውሞ በ1954 ጋዜጠኞችን አስከትሎ ከኩምበርላንድ በእግሩ ተነሣ፤ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እንግዲህ የምንነዳው በበቅሎ መንገድ ላይ ነው። ይህን የረሳ ሰው ቀጭን ጎማ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሰው ከደጁ ተነሥቶ ወደ ፒትስበርግ መንዳት ይቀናዋል። ተዉት። ብስክሌታችሁን በባቡር ጭናችሁ ፒትስበርግ ውረዱና ወደ ቤታችሁ ንዱ። ከዚያ ስትነሡ የሞኖንጋሂላን፣ የዮኪዮጌኒንና የካስልማንን ወንዞች እየተከተላችሁ 126 ማይል ያህል ቀስ እያላችሁ ትወጣላችሁ፤ ሽቅብ መሆኑን ብዙም ሳታውቁት 2,392 ጫማ ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ እስከ ኩምበርላንድ ያለው 24 ማይል ቁልቁለት ነው። በተቃራኒው የመጣ ሰው ይህችን 24 ማይል ከነሻንጣው ይወጣታል። አቀበቷ ለዓይን የምትታይ አይደለችም፤ ጉልበት ነው የሚያውቃት።

የባቡሩ ሰዓትም ያንኑ ይመክራል። ከዋሽንግተን የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ወጥቶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ፒትስበርግ ያወርዳችኋል፤ ለአንዲት ሌሊት አልጋ ከያዛችሁ አለቀ። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ግን ገና ሳይነጋ ነው የሚነሣው። ሳምንት ሙሉ ሲነዳ የከረመ ሰው በጨለማ ጣቢያ ሊጋፋ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ትኬት ቀን ይቆርጥባችኋል፤ አንድ ቀን ዝናብ ቢያግታችሁ ባቡሩ አይጠብቅም። ወደ ቤታችሁ ስትነዱ ግን ብትዘገዩ የሚቆጣችሁ ባለቤታችሁ ብቻ ናት። የብስክሌቱ ቦታ ጥቂት ነው፣ ለብቻው ይያዛል፣ ይከፈልበታል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ያዙ፣ ከዚያ አለቃችሁን ፈቃድ ጠይቁ።

ወቅቱስ? እንቁጣጣሽን ቤት አክብራችሁ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ያዙ። ሙቀቱም ትንኙም ቀነስ ይላል። ክረምታቸው ሲገባ ጋፕ ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ የተባለው ዋሻ ይዘጋል፤ በቦዩ በኩል ደግሞ ከኅዳር መጀመሪያ ግድም እስከ ሚያዝያ የፓምፖቹ እጀታ ይነቀላል።

የፓምፑን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። በቦዩ ዳር በየጥቂት ማይሉ ነጻ የድንኳን ማረፊያ አለ፤ ሽንት ቤትና የእጅ ፓምፕ አለው፤ በአንድ ቦታ የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ውሃው ተመርምሮ ካላለፈ በበጋም እጀታው ይነሣል፤ እናንተ የምታውቁት ደርሳችሁ፣ ጠርሙሳችሁ ባዶ ሆኖ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ፓርኩ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አንብቡ። የሚሠራው ፓምፕ ውሃም በአዮዲን የታከመ ስለሆነ ጣዕሙ ለሻይ እንኳ አይመችም። መድኃኒቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ የምትገዙት በሶ ነው፤ ጥቂት ስኳር ጨምራችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ስትበጠብጡት የአዮዲኑ ሽታ ድራሹ ይጠፋል። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ግን የራሱን ውሃ ይያዝ።

ጭቃውን ደግሞ ማንም በፎቶ አያሳያችሁም። የጋፕ መሬት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ቶሎ ይጠጣል። ቦዩ ዳር ገና ያልታደሰው ቦታ ግን አፈሩ ይይዛል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱ ገፍታችሁትም እምቢ ይላል፤ በእንጨት እየጎረጎራችሁ ታወጣላችሁ፣ ከመቶ እርምጃ በኋላ እንደገና። ጎሚስታ በየመንገዱ የለም፤ ስለዚህ ከ40 ሚሊሜትር የማይቀጥን ጎማ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና የካቴና ዘይት ግዴታ ነው። በሃንኮክ ከተማ በኩል ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ 28 ማይል ገደማ የአስፋልት የብስክሌት መንገድ አለ። በዝናብ ቀን ወደዚያ መሻገር ነውር የለውም፤ ቦዩን ብቻ ካልነዳሁ የሚለውን ጀግና ለጭቃው ተዉለት።

ከኩምበርላንድ ወደ ሃንኮክ ያለው መንገድ ሱቅም የስልክ ኔትወርክም የሚሳሳበት ነው፤ ምግባችሁን አስቀድማችሁ ያዙ። መሃሉ ላይ ፓው ፓው ዋሻ አለ፦ 3,118 ጫማ፣ መብራት የለውም። በ1836 ሲጀመር ሁለት ዓመት ይበቃዋል ተብሎ ነበር፤ 14 ዓመት ፈጀ። የራስ ባትሪ አብሩና ወርዳችሁ ግፉ። የእንጨቱን መደገፊያ ዳብሱት፤ የጀልባዎቹ ገመድ እየፈተገ የቦረቦረው ቦይ እጃችሁ ላይ ይመጣል።

የሃርፐርስ ፌሪን ከተማ ለማየት ፖቶማክን ስትሻገሩ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ነው። ሻንጣውን ፈትታችሁ ለየብቻ አውጡት፤ ወገብ አይተካም። ከዚያ እስከ ፖይንት ኦቭ ሮክስ ደግሞ የጭነት ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ከድንኳኑ አጠገብ እየጮኸ ያልፋል። የጆሮ መድፈኛ ያልያዘ ሰው ማደሪያውን ቀድሞ ወይም አልፎ ይያዝ።

ጆርጅታውን ስትደርሱ አብዛኛው ሰው የከተማውን ሱቆች እንዳየ ደረስኩ ብሎ ይቆማል። የዜሮ ማይል ምልክቱ ግን ሮክ ክሪክ ፖቶማክ ውስጥ በሚገባበት፣ ከጀልባ ማከራያው ጀርባ ነው። ሊቀበሏችሁ ለሚመጡ ቤተሰቦች ቦታውን ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ለመኪና ማቆሚያ ሲዞሩ ስለሚያመሹ በሜትሮ ይምጡ፣ ፎጊ ቦተም ወርደው በእግር ይድረሱ።