«ፎር ቱ» የምትሉ፣ ተጠንቀቁ!

ከመካነ ሰላም ለሥራ ፈተና ደሴ የሄደን አንድ ወጣት ፈታኞቹ በእንግሊዝኛ «ለምን መጣህ?» አሉት። «አይ ኬም ፎር ቱ ወርክ» ሲል ሳቁ። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ወዲያ አንደበቱ ተሳሰረ፤ ሥራውም አመለጠው።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። «ለመሥራት» የምትለውን ያማርኛ ቃል ለሁለት ከፍሎ፣ «ለ»ን «ፎር»፣ «መሥራት»ን «ቱ ወርክ» ብሎ መገልበጡ ነው ጉድ የሠራው። በእንግሊዝኛ «ቱ» ብቻዋን «ለመ» ማለት ናት፤ «አይ ኬም ቱ ወርክ» ይበቃል። «ፎር» ስም ስትፈልግ ትመጣለች፦ «አይ ኬም ፎር ኤ ጆብ»፣ ለሥራ መጣሁ።

እንግዲህ የመጣችሁበትን ስትናገሩ ባማርኛ «ለመ» ካላችሁ «ቱ»፣ «ለ» ብላችሁ ስም ካስከተላችሁ «ፎር»። «ላለመዘግየት» ለማለት ደግሞ «ሶ አዝ ኖት ቱ ቢ ሌት» በሉ። ብትሳሳቱም አትደንግጡ፤ አርማችሁ ቀጥሉ!