ላሜራው ሳይበሳ፦ በመስክ መኪና ላይ ተጨማሪ ዕቃ ስለ መግጠም

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች የሚሰማራ የመስክ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ብዙ ጊዜ አይቆይም። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ፊቱ ላይ ተጨማሪ መብራት፣ ጎኑ ላይ የሬዲዮ አንቴና፣ ውስጡ የእሳት ማጥፊያና የጀሪካን ማሰሪያ ይጨመርበታል። ይህን የሚያስገድደው አገሩ ራሱ ነው፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚያሽቆለቁለው ይህ ምድር በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት የሚያወርድ ሲሆን፣ በቻይና መሐንዲሶች ከተሠራው የወረታ - ወልድያ አውራ መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚታጠፍ መኪና የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ መሄድ አለበት። መሣሪያው መገጠሙ የማይቀር ስለሆነ ሊጠየቅ የሚገባው አገጣጠሙ ነው፤ በብዙ ጋራዦች መጀመሪያ ብድግ የሚለው ደግሞ መሰርሰሪያው፣ በጋራዥ ቋንቋ ትራፓኖው ነው።

የመኪናው የውጭ ልብስ፣ ማለትም ላሜራው፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዕድሜ የሚሰጠው ከላዩ ያለው ቀለም ነው፤ እሱም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከንብርብሮቹ ዋናው የመጀመሪያው ሲሆን፣ መኪናው ገና ባዶ ቅርፊት ሳለ በገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲለጠፍበት ስለሚደረግ ዓይንና እጅ በማይደርሱበት በበሩና በምሰሶው ውስጥ ሳይቀር ብረቱን ይሸፍነዋል። መሰርሰሪያው ላሜራውን በስቶ ሲያልፍ ይህ መከላከያ በውጭም በውስጥም ይቆረጣል። ከውጭ ያለውን ጠርዝ በብሩሽ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ከውስጥ ያለውን ግን የሚያየው የለም። በተጨማሪም ከመሰርሰሪያው ጫፍ የሚረግፈው የብረት ፍቅፋቂ በምሰሶው ባዶ ቦታ ውስጥ ወርዶ ይከማችና በክረምቱ እርጥበት ዝጎ የተኛበትን ደህና ቀለም ይበላዋል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል፤ በብሎኑ ራስ ዙሪያ የሚታየው ትንሽ እብጠትም ውስጡ ከታመመ በኋላ የሚመጣ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከመንቀጥቀጥ ነው። የመካኒክ ትምህርት እንደሚያስረዳው፣ በሚወጠር ብረት ላይ ክብ ቀዳዳ ሲኖር በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ይህ ውጥረት በየደቂቃው ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ጠርዙን ያደክመዋል፤ ቀዳዳው እየሰፋ፣ ብሎኑ እየላላ ይሄድና በመጨረሻ ከጠርዙ ተነሥቶ ላሜራውን የሚሰነጥቅ መስመር ይወጣል። በአንድ አምቡላንስ ብዙ ቀበሌ በሚገለገልበት ወረዳ፣ በዚህ ስንጥቅ የተነሣ ጣሪያው የሚያፈስስ መኪና ማለት እናቶች የሚጓጓዙበት አልጋ የሚረጥብበት መኪና ማለት ስለሆነ፣ ጉዳዩን የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው።

የዚህ አገር ሰው ሸክምን ከተሸካሚው ጋር የማዋሐድ ብልሃት ከመኪና በፊት ያውቀዋል። አህያና በቅሎ የሚጭን ነጋዴ መጀመሪያ መደላድል ያነጥፋል፣ ቀጥሎ ሸክሙን ግራና ቀኝ ያመዛዝናል፣ ከዚያም በመጫኛ አጥብቆ ያስራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው የከብቷ ጀርባ ተልጦ ገጣባ እንዳትሆን ነው። በመኪናም ላይ የሚሠራው ደንብ ይኸው ነው። የመስክ መኪና ክብደቱን የሚሸከመው በሻንሲው፣ ማለትም እንደ መሰላል በተያያዙት ሁለት ረጃጅም የብረት ወጋግራዎች ሲሆን፣ ላሜራው ግን ከዚያ በላይ የተቀመጠ መሸፈኛ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከሻንሲው፣ ወይም ላሜራው ተደራርቦ ከጠነከረበት ቦታ፣ ወይም ፋብሪካው ራሱ ብሎን ካሰረበት ቦታ ጋር መያያዝ አለበት።

በዚህ ረገድ በ1984 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ባለ 70 ተከታታይ ቁጥር የቶዮታ ላንድክሩዘር ታላቅ ጸጋ አለው። በጣሪያው ግራና ቀኝ ጠርዝ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት አሸንዳ ተዘርግቷል። አሸንዳው የጣሪያው ላሜራና የጎኑ ላሜራ ጠርዝ ለጠርዝ ተደርበው የተበየዱበት መስመር በመሆኑ ከጣሪያው ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው። ፖርቶ መጋላ የሚባለው የዕቃ መጫኛ እግሮቹን የሚያሳርፈው በዚህ አሸንዳ ውስጥ ነው፤ እግሩ ከላይ ወደ አሸንዳው ይገባል፣ ከሥር ደግሞ የታጠፈ የብረት ጥርስ የአሸንዳውን ከንፈር ይጨብጣል፣ በመካከላቸው ያለው ብሎን ሲጠብቅ ሁለቱ እንደ መንጋጋ ይገጥማሉ። ብረት ብረትን እንዳይፍቅ በመካከሉ ስስ ላስቲክ ይደረጋል፤ የነጋዴው መደላድል ማለት ይህ ነው። እግሮቹ በበዙ መጠን ሸክሙ ይከፋፈላል፤ በአንድ ጎን ሁለት እግር ብቻ ያለው መጫኛ አሸንዳውን በሁለት ነጥብ ሲያጎብጠው፣ አራት እግር ያለው ግን ክብደቱን በርዝመቱ ያዳርሰዋል። ፕራዶና አዳዲሶቹ ፒካፖች አሸንዳ ስለሌላቸው ለእነርሱ የሚሆነው ፋብሪካው በጣሪያው ላይ አስቀድሞ ካዘጋጃቸው ማሰሪያዎች ጋር የሚገጥም መጫኛ ነው።

ከአሸንዳው ቀጥሎ የሚፈለገው ነባሩ ብሎን ነው። በኮፈኑ ማጠፊያና በፓራፋንጎው የላይኛ ጠርዝ ላይ ያሉት ብሎኖች ለአንቴና የሚሆን የታጠፈ የብረት ቁራጭ ከሥራቸው ሊይዙ ይችላሉ፤ የመቀመጫው ብሎን የእሳት ማጥፊያውን፣ የሰሌዳው ማሰሪያ ደግሞ ትንሽ የሥራ መብራት ይይዛል። የረድኤት ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የረጅም ርቀት ሬዲዮ አንቴና ረጅምና ከባድ ስለሆነ በመንገዱ ውርወራ ላሜራን ይቀድዳል፤ ስለዚህም ነው ብዙ ጊዜ በፊት መከላከያው ብረት ላይ ቆሞ የሚታየው። መከላከያው ብረት ራሱ ከሻንሲው ጫፍ ጋር በፋብሪካ ቀዳዳዎች የሚታሰር በመሆኑ ተጨማሪ መብራትንም በደህና ይሸከማል። ሆኖም መብራቶቹ ራዲያተሩን መጋረድ የለባቸውም፤ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በንፋስ መውጫ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጨጨሆን የመሰለ ዳገት የሚወጣ ሞተር ለመቀዝቀዝ የሚያገኘው አየር ቀድሞውንም የሳሳ ነው።

እዚህ ላይ የሚያገለግሉት ዳዶና ሮንዴላ (ስማቸው እንደ ላሜራና እንደ ትራፓኖ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው) ከመሣሪያው እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል። ሰፊ ሮንዴላ ጫናውን በሰፊው ያሳርፋል፤ ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ደግሞ በመንቀጥቀጥ ቶሎ አይላላም። አዲስ የተገጠመ ማንኛውም ነገር ከመጀመሪያው ረጅም የኮረኮንች ጉዞ በኋላ እንደገና በቁልፍ መጥበቅ አለበት፤ ላስቲኩና ቀለሙ ጥቂት ተጨፍልቀው ስለሚቀመጡ የመጀመሪያው ጥብቀት ይቀንሳልና።

ማጣበቂያና ማግኔት ለቀላል ዕቃ ብቻ ይሆናሉ። ባለ ሁለት ፊት የአክሪሊክ ማጣበቂያ ቴፕ በአልኮል በተጠረገ ደረቅ ቀለም ላይ ሲለጠፍ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይይዛል፤ ነገር ግን ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ሲለጠፍ በደንብ አይነክስም። በደጋው ጋይንት ይህን ሥራ በማለዳ መሥራት ቴፑን ማባከን ነው፤ ፀሐይ ላሜራውን እስክታሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ማግኔትም ብረትን እንጂ አልሙኒየምን ስለማይዝ በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ገላ ላይ አይሠራም። በእነዚህ መኪኖች ላይ መብሳትም የባሰ መዘዝ አለው፤ የብረት ብሎን ከአልሙኒየም ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱ እንደ ባትሪ ሆነው አልሙኒየሙ በዙሪያው ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል።

ላሜራውን ከመበሳት ተርፈው ለሽቦ ሲሉ የሞተሩን ግድግዳ የሚበሱ ባለሙያዎች አሉ። ይህም አያስፈልግም፤ በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የፋብሪካው ሽቦ የሚያልፍባቸው በላስቲክ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ስላሉ፣ አዲሱን ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ አሾልኮ ማሳለፍ ይቻላል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ባትሪ 9 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ፣ ከባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ሊደረግላቸው ይገባል። ፊውዝ የሌለው ሽቦ በኮረኮንች ተፍቆ ከብረቱ ጋር የተነካካ ዕለት መኪናውን ያቃጥላል።

ጥሩ አድርጎ መግጠም ግን ያለ ልክ ለመጫን ፈቃድ አይሰጥም። ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ውኃ ጣሪያ ላይ ሲወጣ 100 ኪሎ ነው፤ ይህም የመኪናውን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ስቦ ወደ በሽሎ በሚወርዱት ጠመዝማዛ መንገዶች ላይ ለመገልበጥ ያቀርበዋል። የንፋስ መውጫ ስም ራሱ እንደሚናገረው በዚህ ደጋ ላይ ነፋሱም ሌላ ሸክም ነው። ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ ያለፉት በዚሁ ምድር ሲሆን፣ ያን የሚያህል ብረት በሠረገላ ለማንቀሳቀስ መንገዱን እያስጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ከባድ ዕቃ ቦታው ዝቅ ያለው የመኪናው ወለል ነው፤ ጣሪያው ለብርድ ልብስ፣ ለድንኳንና ለባዶ ጀሪካን ይተው።

መብሳት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የሞተሩን የአየር መሳቢያ ወደ ጣሪያ ከፍታ የሚያወጣው ቱቦ በአቧራና በውኃ መሻገሪያ ላይ ታላቅ ጥቅም ሲኖረው፣ በፋብሪካ ካልተገጠመ በስተቀር ፓራፋንጎውን ሳይበሱ ማስገባት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳው የሚበሳበት ቦታ ከኋላው ሽቦም የነዳጅ ቱቦም እንደሌለ ተረጋግጦ፣ ፍቅፋቂው እንዳይበተን ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ሹል ጠርዙ በሞረድ ለስልሶ፣ ባዶው ብረት ሳይውል ሳያድር በጸረ ዝገት ቀለም በሁለቱም ገጽ መቀባት ይኖርበታል። ፕሮጀክት ሲያበቃ መኪናው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል ወይም በጨረታ ይሸጣል፤ ተረካቢው ያኔ የሚያገኘው የቀድሞው ባለቤት ያወለቃቸውን መሣሪያዎች ሳይሆን የተዋቸውን ቀዳዳዎች ነው። እነዚህንም በማስቲካ ወይም በጨርቅ መድፈን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጠርዙ ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በልኩ በተቆረጠ የላስቲክ መድፈኛ ቢዘጋ ይሻላል። ፋብሪካው በበሩ ሥር ክፍት የተዋቸው ቀዳዳዎች ግን ውኃ የሚወጣባቸው ስለሆኑ ፈጽሞ አይደፈኑም።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ የፖርቶ መጋላው እግሮች አንድ በአንድ ቢላሉ በላስቲኩ ሥር የሦስት ወር ጭቃ ተጋግሮ ይገኛል። አሸንዳው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የተፋቀው ቦታ በቀለም ከተነካ በኋላ እግሮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም፣ ከአንድ ቁልፍና ከአንድ ባልዲ ውኃ በላይም መሣሪያ አይፈልግም።