ወፍ ያመለጠችው ሰው ምን ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ በእንግሊዝ ኬንት፣ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባይኖኩላራቸውን አንግተው ተሰበሰቡ። የመጡት አንዲት ወፍ ፍለጋ ነው። አገሯ አሜሪካ፣ ክንፏ ላይ ወርቃማ ቀለም ያላት ይህች ትንሽ ወፍ በብሪታንያ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንዲህ ላለ ብርቅ ወፍ አገር አቋርጦ የሚሮጠውን ሰው እንግሊዞች «ትዊቸር» ይሉታል፤ የሚንቀጠቀጥ እንደ ማለት ነው። ቅጽል ስሙ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሞተር ብስክሌት እየተጓዘ፣ ከብርዱ የተነሣ እየተንቀጠቀጠ ይደርስ ከነበረ አንድ የወፍ ወዳጅ እንደ መጣ ይነገራል።

ትዊቸሩ ደክሞ ሲደርስ ወፏ በርራ ከሄደች «ዲፕ» አደረገ ይባላል። ያየ ጓደኛው እየደጋገመ ሲያወራለት የሚሰማው ቅናት ደግሞ «ግሪፕ» ነው። ከባለቤቷ አምልጣ የወጣች የቤት ወፍ «ፕላስቲክ» ትባላለች፤ በራሷ የመጣች የዱር ወፍ ስላልሆነች ከቁጥር አትገባም። «ኤልቢጄ» ትንሽ ቡናማ ነገር ማለት ነው፤ እንደ መንታ የሚመሳሰሉና ብዙ ጊዜ በድምፃቸው ካልሆነ የማይለዩ ወፎች የጋራ ስም ነው።

ከሁሉ የሚናፈቀው ቃል «ላይፈር» ነው፤ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ዝርያ። በእኛ አገር ያቤሎ ዙሪያ የምትኖረው፣ ዓይኗን ሰማያዊ ቆዳ የከበባት ግራጫ የቁራ ዘመድ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላትም። እሷን ላይፈር ማድረግ የሚሻ ሁሉ ቦረና ድረስ መምጣት ግድ ይለዋል።

በዚህ ሁሉ ሣቅ መካከል አንድ የማያስቅ ቃል አለ፤ «ስትሪንገር»። ያላያትን ወፍ አየሁ የሚል፣ ወይም ተራዋን ወፍ ብርቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ስም ነው። ቃሉ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶ ያልተነሣች ወፍ አንዴ ከበረረች የሚቀረው የተመልካቹ ቃል ብቻ ነው፤ የአገር የወፍ መዝገብ የሚሞላውም በዚያው ቃል ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ብርቅ ወፍ አየሁ የሚል ሰው መግለጫ በኮሚቴ ሲመረመር ኖሯል።

ስለዚህ ወፍ ያመለጠችው ሰው ዲፕ አደረግሁ ብሎ ከወዳጆቹ ጋር ይስቃል፤ ያላየውን አየሁ ያለ ግን ዳግም አይታመንም።