እውነት ወይስ ተረት? ጭሱ ሰማይ ላይ ነው ወይስ ደጃፋችን?

ግንቦት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 7 ቀን 2023፣ የኒው ዮርክ ሰማይ በጠራራ ቀን ብርቱካንማ ሆነ። ምክንያቱ የሰደድ እሳት ጭስ ነበር፤ እሳቱ ያለው ግን ካናዳ፣ ኩቤክ ደን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ጭሱ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢም በረታ፤ በር ሲከፈት ጎረቤት እንጨት ያነደደ ይመስል ነበር። የሳተላይት ምስሎች ከስልክ ወደ ስልክ ዞሩ፤ ወሬውም አብሮ ዞረ።

«ምስሉ ላይ ጭሱ ከእኛ በላይ ከታየ፣ የምንተነፍሰው እሱን ነው።»

ተረት ነው፤ ቢያንስ ግማሹ። ሳተላይት የሚያየው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ከሰማይ እስከ መሬት ያለው አየር ሁሉ እንደ አንድ ንጣፍ ተደራርቦ ይታየዋል። ጭሱ አምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፍ ወይም መስኮታችን ሥር ይተኛ፣ ከተራ ፎቶ አይለይም። በዚያው ወር መጨረሻ የካናዳው ጭስ አትላንቲክን ተሻግሮ ምዕራብ አውሮፓ ደርሷል። ነገር ግን በአብዛኛው ከፍ ብሎ ስላለፈ ሰማዩን አደበዘዘ እንጂ መሬት ላይ ያለውን አየር ብዙም አልጎዳም። ኒው ዮርክ ላይ ግን ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ አጠገብ የቆመ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳበው፤ ጭሱም መሬት ለመሬት መጣ። የአየር ጥራት መለኪያው ከ400 አለፈ፤ በአሜሪካ መለኪያ ከ300 በላይ «አደገኛ» ነው። ይህን የነገረን ሳተላይቱ ሳይሆን ደቃቅ ብናኝ የሚለካው የምድር መሣሪያ ነው። እኔ ብሆን ፎቶውን ለሰው ከመላኬ በፊት የሰፈሬን መለኪያ አያለሁ።

«ቀትር ላይ ጭሱ ከምስሉ ጠፋ፤ ተበትኗል ማለት ነው።»

ላይሆን ይችላል። ስስ ጭስ ጎልቶ የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጭሱ እዚያው እያለ ምስሉ ላይ ይሳሳል።

«በሳተላይት የእሳት ካርታ ላይ ያሉት ቀያይ ነጥቦች የተቃጠለውን ቦታ ስፋት ያሳያሉ።»

አያሳዩም። አንድ ነጥብ በግምት 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ የምስል ክፍል ውስጥ የሆነ ቦታ ኃይለኛ ሙቀት መኖሩን ብቻ ይናገራል። የነዳጅ ማውጫ ጋዝ ነበልባልም ነጥብ ያወጣል።

«የጭስ ካርታውን ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው።»

አይደለም፤ እውነቱ እኔንም አስገርሞኛል። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ የጭስ ካርታውን የሚያወጣው ባለሙያዎች ምስሎቹን እያዩ የጭሱን ዳርቻ በእጃቸው አስምረው፣ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብለው ከለዩት በኋላ ነው። በየአምስት ደቂቃው ምስል የሚልክላቸው ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደመና ሲሸፍን ከሥሩ ያለውን ጭስ አያዩትም። ማስመሩም የቀን ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌሊት የሚደርሰን ካርታ ቢበዛ ጭሱ አመሻሽ ላይ የነበረበትን ቦታ ያሳያል።