ባሩድ የማይበላ ጠመንጃ

ጋይንት ላይ ቆሞ ስለ ጠመንጃ ማስረዳት ድፍረት ይጠይቃል። ውጅግራውን፣ ምንሽሩን፣ ሞዘሩን፣ ቤልጅጉን በዓይን የሚለዩ አባቶች ያሉበት አገር ነው። ሰባስቶፖል እንኳ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት ያለፈው በዚሁ በጨጨሆ በኩል ነው፤ ያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ። እነርሱ የሚያውቁትን መልሼ ልነግራቸው አልሞክርም። የማወራው ባሩድ ስለማይበላ፣ ቀለህ ስለማይጥልና ጢስ ስለማያውቅ ጠመንጃ ነው።

የአየር ጠመንጃን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከበዓል ሜዳ ነው። ልጆች ካርቶን ላይ ዒላማ ለጥፈው በጥቂት ብር ያስተኩሳሉ። እኔም አንድ ጥምቀት ላይ አምስት ተኩሼ አምስቱንም ሳትኩ፤ «ማነጣጠሪያው የተጣመመ ነው» ብዬም አሳበብኩ። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ከእጄ ተቀብሎ በዚያው ጠመንጃ መሀሉን አለው። ምን እንደሠራ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሠራሩን ለመረዳት የብስክሌት ፖምፓ ይበቃል። የፖምፓውን አፍ በጣት ደፍናችሁ ስትገፉ አየሩ ይታመቅና ጣታችሁን ይገፋል። ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃም ሆዱ ውስጥ ሲሊንደርና ፒስተን አለው፤ ከፒስተኑ ኋላ ጠንካራ ሞላ ተቀምጧል። በርሜሉን ሰብራችሁ ወይም የጎኑን ዘንግ ስባችሁ ስታቀባብሉ ሞላው ይጨመቅና ቃታው ላይ ይያዛል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ የታመቀው አየር ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ የእርሳሷን ፍሬ ይገፋታል። የተጠራቀመ ጋዝ የለም፤ ኃይሉ በሙሉ የራሳችሁ ክንድ ነው።

ፍሬዋ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም ነበር፤ ሃምሳ እጥፍ ማለት ነው። ፍሬዋ ከዒላማ ጠመንጃ ስትወጣ በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ትሮጣለች፤ ውጅግራው ግን 450 ሜትር ያህል። በጉልበት ሲሰላ ልዩነቱ ከ300 እጥፍ ይበልጣል። ዓይን ለማጥፋት ግን የዚህች ጉልበት ከበቂ በላይ ነው፤ «መጫወቻ ናት» ብሎ ወደ ሰው ማዞር ነውርም ወንጀልም ነው።

አስቸጋሪው ነገር የጠመንጃዋ ኃይል ማነሱ አይደለም፤ መንቀጥቀጧ ነው። ባሩድ ያለው ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ብቻ ይገፋል። ይህችኛዋ መጀመሪያ ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ትናጣለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍሬዋ ገና በርሜሉ ውስጥ እያለች ነው። ቃታው ከተለቀቀ በኋላ ፍሬዋ እስክትወጣ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት እጅ ምን እንዳደረገ ዒላማው ላይ ይጻፋል።

መፍትሔው የተገኘበትን ቦታ ስሰማ ፈገግ አልኩ፤ የሞዘር ከተማ ኦበርንዶርፍ ነው። በጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመን በድብቅ ለኢትዮጵያ 10,000 ሞዘር ልካ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ጀርመን ተሸንፋ የሞዘር ፋብሪካ ራሱ ፈረሰ። በጀርመን ጠመንጃ መሥራት በተከለከለበት ዘመን መጀመሪያ ከተፈቀዱት አንዱ የአየር ጠመንጃ ነበር። ሁለት የሞዘር መሐንዲሶች፣ ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር፣ እዚያው ኦበርንዶርፍ ውስጥ ፋይንቬርክባው የተባለውን ድርጅት አቆሙ። ስሙ ረቂቅ ሥራ እንደማለት ነው።

የእነርሱ ዘዴ ቀላል ነው። ቃታው ሲሳብ በርሜሉና ሲሊንደሩ አንድ ላይ ሆነው በሰደፉ ላይ ባለ ሐዲድ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ሰደፉ ትከሻ ላይ ዝም ብሎ ይቀራል፤ የሚናጠው ብረቱ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚፈልጉት ፋይንቬርክባው 300 ይህ ነው። የጎን ዘንጉን በሁለት ጣት ያህል ጉልበት ትስቡታላችሁ፤ ሲቆለፍ እንደ ጥሩ የሣጥን ቁልፍ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ታዲያ ብታነሡት 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውጅግራን ይበልጣል!

ዲያና የተባለው የራሽታት ፋብሪካ ሌላ መላ መታ። ኩርት ጊስ የሚባል መሐንዲስ ሁለተኛ ፒስተን ጨመረና በጥርስ አያይዞ ወደ ኋላ እንዲሮጥ አደረገው። አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ አንዱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ንጠቱ ይጣፋፋል። አንሹትዝ የተባለው ፋብሪካ ንጠቱን በዘይት አለዘበው። ቫይራውህ የተባለው ፋብሪካ ግን ኤች ደብልዩ 55 በተባለው ጠመንጃው ምንም ብልሃት አልጨመረም፤ ጥሩ ቃታና ጥሩ በርሜል ሰጥቶ የቀረውን ለተኳሹ ተወለት። እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ ሌሎቹ ስህተትን ይሸፍናሉ፣ ይህ ያጋልጣል።

የበዓሉ ልጅ ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። እኔ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አጣብቄ፣ በግራ እጄ ጨምድጄ ይዤ ነበር። በባሩድ ጠመንጃ የለመደ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ልጁ ግን ግራ መዳፉን ዘርግቶ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አስተኛው እንጂ አልጨበጠውም። ሞላ ያለበትን ጠመንጃ እንደፈለገ እንዲናጥ ከለቀቃችሁት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይናጣል፤ ፍሬዋም አንድ ቦታ ታርፋለች። ከጨመቃችሁት ግን ጭምቂያችሁ በየተኩሱ ስለሚለያይ ፍሬዋም ትበታተናለች።

አሁን ወደ ነፋስ መውጫ እንውጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር አልፋለች፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ለባሩድ ጠመንጃ ይህ ከቁም ነገር አይገባም። የአየር ጠመንጃ ግን የምትበላው ይኸው አየር ስለሆነ እዚህ ሆዷ ሳይሞላ ነው የምትተኩሰው። ፍሬዋ ትዘገያለች፤ ፒስተኑ ደግሞ የሚያቆመው የአየር ትራስ ስለሳሳበት ጫፉ ላይ በኃይል ይጋጫል። ጀርመን ውስጥ በዝቅተኛ ቦታ የተሠራች ጠመንጃ እዚህ ሞላዋን ቶሎ ብትሰብር አይግረማችሁ። ወደ ሲማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎ ብትወርዱ ግን ያችው ጠመንጃ ትበረታለች፤ ማነጣጠሪያውንም እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። የነፋሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ግማሽ ግራም ፍሬ በጉና በኩል የሚወርደውን ነፋስ ስለማትችል የዒላማ ተኩስ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሆኗል። ርቀቱም 10 ሜትር ብቻ ነው። ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ፤ የዛሬው የ10 ነጥብ ዒላማ የግማሽ ሚሊ ሜትር ነቁጥ ነው። ጨዋታው ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመቀ አየር ያላቸው ጠመንጃዎች ሞላውን ከውድድር አስወጡት። እነዚያ የሞላ ጠመንጃዎች የሰብሳቢ እጅ የገቡትም ለዚህ ነው።

አሮጌ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእንጨቱን ውበት ቢሆንም የሚያስከፍለው የፒስተኑ ማሸጊያ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፋብሪካዎቹ የተጠቀሙበት ፕላስቲክ ሳይተኮስ እንኳ በዕድሜ ብቻ ይፈረፈራል። ጠመንጃው ሲከፈት ከሲሊንደሩ ውስጥ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ ሰም የሚሰባበር ነገር ይወጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት የቆዳ ማሸጊያዎች ይሻላሉ፤ ጥቂት ጠብታ ዘይት ካገኙ ሃምሳ ዓመት ይኖራሉ። ዘይት ግን አይብዛ! አየሩ ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ ትርፍ ዘይቱም ልክ በአይሱዙ ሞተር ውስጥ እንዳለ ናፍጣ ይነድዳል። ጢስ ካያችሁና ተኩሱ እንደ ባሩድ ከጮኸ «ጉልበቷ ጨመረ» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ሞላውንና ማሸጊያውን እየበላው ነው።

ፍሬ ሳይገባባትም አትተኮስም፤ ፒስተኑን የሚያለዝብ ነገር ስለሚያጣ ብረት ከብረት ይጋጫል። አቀባብሎ ማሳደርም ሞላውን ያደክማል። በርሜሏ የሚሰበረውን ስታቀባብሉ ደግሞ በርሜሉን ከእጃችሁ አትልቀቁ፤ ቃታው ቢከዳ በርሜሉ ተወርውሮ ይዘጋል፣ ጣት ከመሀል ካለ ጣት ይቀራል።

ጀርመን ውስጥ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ መሀል «ኤፍ» የተቀረጸበት ጠመንጃ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል አይበልጥም፤ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ያለ ፈቃድ ይገዛዋል። ያንን ምልክት አይታችሁ በሻንጣ ይዛችሁ ለመምጣት እንዳትነሡ። እኛ አገር የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፖሊስን በጽሑፍ ጠይቁ። ኤርፖርት ላይ ከጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ቆሞ ስለ ሞላና ስለ ፒስተን ማስረዳት እዚህ ጋይንት ላይ ከማስረዳት ይከብዳል።