ከኋላህ ሰው አለ

ውድድር ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ ወጣት ብስክሌተኞችን በሞተር መምራት ነው። እኔ ከፊት እነዳለሁ፤ ልጁ የፊት ጎማውን ወደ ሞተሬ አስጠግቶ ይከተለኛል። ገመድ የለም፤ የምሰጠው ከንፋስ መከለያ ብቻ ነው።

መከለያው ግን ትልቅ ነገር ነው። በሜዳ ላይ ለሚፈጥን ብስክሌተኛ ዋናው ባላጋራ ንፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 አሜሪካዊው ቻርልስ መርፊ በሐዲድ መካከል በተነጠፈ ሳንቃ ላይ ከባቡር ኋላ ተከልሎ አንድ ማይል ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሷል። እኛ ደግሞ እግር የውድድርን ፍጥነት እንዲለምድ ነው የምንሠራው።

አንድ ማለዳ ከሰንዳፋ ወዲያ በግ ድንገት አስፋልቱን አቋረጠ። ፍሬን ያዝኩ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰው በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእኔና በልጁ መካከል የነበረው አንድ ሜትር አይሞላም። ጎማ ከጎማ ሲፋተግ አጭር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል መሬት ላይ ነው፤ እጁ ተሰብሯል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የሞተር ጎማ በጀርባው በኩል ወደ ላይ ይሽከረከራል፤ የብስክሌት ጎማ በፊቱ በኩል ወደ ታች። ሲነካኩ ይጣላሉ፣ ብስክሌቱ ይወድቃል። በውጭ አገር የመም ውድድር ላይ ከሞተሩ ኋላ እንደልቡ የሚሽከረከር ሮለር ይታሰራል፤ ጎማ ሲነካው አብሮ ይዞራል። እኔም ብየዳ ቤት አሠርቼ አስሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ይዤ ከመውጣቴ በፊት መንገዱን አየዋለሁ፤ ጉድጓዱን፣ ከብት የሚሻገርበትን። ከኋላችን መብራት እያበራ የሚከተል መኪና ከሌለ አልወጣም። ፍጥነት የምቀንሰው የነዳጅ መስጫውን ቀስ አድርጌ በመልቀቅ ነው። ልጁ «ጨምር!» ሲል እጨምራለሁ፣ «ቀንስ!» ሲል እቀንሳለሁ፤ በራሴ ፈቃድ አልፈጥንም። እሱም ጎማዬን አፍጥጦ አያይም፤ ከትከሻዬ በላይ መንገዱን ያያል። አደጋ ቢመጣ ወደየትኛው ጎን እንደሚወጣ ገና ሳንነሳ እንነጋገራለን።

ስለዚህ ነው ዳገት ላይ በብስክሌት አይሱዙ ኋላ የተለጠፈ ልጅ ሳይ የሚጨንቀኝ። ሹፌሩ በስፖኪዮ አያየውም፤ መኖሩንም አያውቅም። ፍሬን ሲይዝ የሚያስበው ከፊቱ ስላለው ብቻ ነው። ልጆች፣ እባካችሁ፣ መኖራችሁን ከማያውቅ ሰው ኋላ አትጠጉ።